ስትነቃ ይዘፈናል

«አንቺ እኮ ጠንቋይዋ ነሽ» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ ፊት ለፊቴ፣ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ እንደተቀመጠች። ተናድዳ አይደለም። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለን እየበላን ነበር፤ አንዷን ቁራጭ ዳጣ አስነክታ ወደ አፏ እየላከች፣ ሰው «ዛሬም ሊዘንብ ነው» በሚልበት ድምፅ ነው ያለችው።

«እኔ በምን ጠንቋይ ሆንኩ?»

«በሩን የምትቆልፊው አንቺ ነሻ።»

የግቢው በር ቁልፍ በጫማ ክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነበር። ወደ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩት።

«እሺ፣ እናትሽስ ማን ናት?»

«ንግሥቲቱ። ንግሥቲቱ ታለቅሳለች እንጂ አትቆልፍም።»

«ኤሊዋስ?»

አሰበች። «ኤሊ የለንም» አለችና ስልኩን አንስታ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረችው።

ያን ክረምት ሶዶ እህቴ ቤት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ጉኑኖ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የማደርገው ጠፍቶኝ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ስጣላ፣ እህቴ ደወለችና «ለትንሽ ጊዜ ነይና ልጅቷን ጠብቂልኝ፣ እስኪሻላት» አለችኝ። መጣሁ። «እስኪሻላት» የሚባል ቀጠሮ ቀን እንደሌለው የገባኝ ከመጣሁ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ኬጂ እያለች አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ልጆቹ እየጮኹ በበርም በመስኮትም ወጡ፤ በማግስቱ እናቶች መምህሯን ከበቧት፤ መምህሯም እህቴን ጠርታ በመልካም አንደበት «እስኪሻላት ቤት ብትቆይ» አለቻት። ቃሉ ከዚያ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለሐኪም ካልሆነ በቀር ከግቢ አልወጣችም። መድኃኒት ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ መውደቁን አራርቆታል እንጂ ጨርሶ አላቆመውም። ሆስፒታል ያየን ባለሙያ መማር ትችላለች ብሎናል። ስትወድቅ በጎኗ እንድናስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም ነገር እንዳንከት፣ ክብሪት ጭረን እንዳናሸታት፣ እስክትነቃ ብቻ አጠገቧ ሆነን እንድንጠብቅ ነግሮናል። እህቴ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «እኔ በሽታውን አልፈራም» ትል ነበር፤ «የምፈራው የሰው አፍ ነው።» የሰው አፍ ደግሞ እርግማን ነው ይል ነበር። የልጅቷ አባት ዘመዶች እርግማኑ ከእኛ ወገን መጣ ይላሉ፣ የእኛዎቹ ከእነሱ፤ ማንም እንደማያሳድረው እንግዳ ከቤት ቤት ይገፋፉት ነበር።

ፊልሙን አባቷ ነው ያመጣላት። ሹፌር ነው፣ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲመጣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፊልም መጫኛ ቤት በስልክ አስጭኖላት መጣ። ካርቱን ነው፤ ግማሹ ዘፈን። አንድ ንጉሥና ንግሥት ሴት ልጅ ይወልዳሉ። ይደገሳል። አገር ሁሉ ሲጠራ ከጫካው ማዶ የምትኖር አንዲት አሮጊት ትረሳለች። አሮጊቷ ሳትጠራ ትመጣና፣ እየዘፈነች፣ የሕፃኗን ጥላ ከወለሉ ላይ እንደ ሰሌን ጠቅልላ በብብቷ ትይዘዋለች። «ጥላ እንደሌላት ሰው ያየ ዕለት ድንጋይ ትሆናለች» ብላ ትሄዳለች። እናትና አባት ልጅቷን ፀሐይ በማይገባበት ቤት ቆልፈው ያሳድጓታል፤ አንዲት ወሬኛ ኤሊ በበሩ ሥር ሾልካ እስክትገባ ድረስ።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔም አላውቅም። ካየሁት ብዛት የዚህ ዓይነቱን ተረት ሕግ አወቅኩት። ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ከጀመረ የሚፈልገውን ሊናገር ነው። «አትውጪ» ከተባለች ትወጣለች። እንስሳ አፍ አውጥቶ ቢናገር ማንም አይደነግጥም። ጥሩው ዘፈን ሁልጊዜ የጠንቋይዋ ነው፤ ደጎቹ ሲዘፍኑ ሻይ ማፍላት ይቻላል። እርግማኑ ደግሞ መቼም ቢሆን ቀዳዳ አለው፤ «ይህ ካልሆነ በቀር»፣ «ያ እስኪመጣ ድረስ» ይባልበታል፣ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚወጣው። የእኛ «እስኪሻላት» ግን ቀዳዳ አልነበረውም።

በጣም የሚያናድደኝ የመስኮቱ ዘፈን ነበር። እኛ ቤት የሚፈልገውን በመስኮት የሚናገር ሰው የለም። እህቴ ከባሏ የምትፈልገውን ለእናቴ ትነግራለች፣ እናቴ ለእህቴ ባል እናት፣ እሳቸው ለልጃቸው፤ እሱ ጋ ሲደርስ የተጠየቀው ሌላ ነገር ሆኖ ነው። ልጅቷ ግን ዘፈኑን በቃሏ ይዛው ነበር። ቃሉን ሳታውቀው፣ በድምፁ ብቻ፣ በራችን ላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ መንገዱ እያየች ትዘፍነው ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ፊልሙን ከእኛ ጋር አዩት። እማማ ነው የምንላቸው። አባታቸው ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ፣ የሰፈሩን እድር ዕቃ ቤት ቁልፍም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ አዳራሹም ከሳቸው እጅ አይወጣም። መነጽራቸውን አድርገው አሮጊቷ ጥላውን ስትጠቀልል ዝም ብለው አዩ።

«ጥፋቱ የንጉሡ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት?»

«ንጉሥ ሆኖ አንድ ልጅ ልኮ ‹ኑ› ማስባል አቅቶት ነው? ማዶ ያለን ሰው ሳይጠሩ ድግስ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምላሰኛ፣ አንቺም ሰው አትጠሪም። በራችሁ ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

«እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት።»

«ቁልፉ ያለው ያንቺ አንገት ላይ ነው።»

ልጅቷ ከስልኩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «አላልኩሽም?» አለች።

ከዚያ በኋላ ተማሪው መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ክረምት ክረምት እድር ቤቱ ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች በነፃ ቱቶሪያል ይሰጣል። በሩን አንኳኳ፤ ሳልከፍት በቀዳዳው አነጋገርኩት።

«ፕሮጀክተር በውሰት አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ለልጆቹ ፊልም ላሳያቸው ነው» አለ። «ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው። አስተርጓሚ ፈልጌ ነበር።»

«የትኛው ፊልም?»

«የናንተው ነዋ። ዘፈኑን እኮ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፣ ከናንተ ግቢ እየሰማ። ደግሞ ጉኑኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪ ሲመጣ ታስተረጉሚ ነበር አሉ።»

እውነት ነው። ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ አስተረጉም ነበር፤ ሰባኪው ሲረዝምብኝ እያሳጠርኩ፣ ሲያጥርብኝ እየጨመርኩ።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።»

«የልጆቹ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ማን ያውቅብሻል?» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ችግር ብቻ አለ። መጨረሻ ላይ ልዑሉ ድንጋይዋን ይስማል። እማማ ቁልፉን የሰጡኝ ‹ነውር ነገር ለልጅ እንዳይታይ› ብለው አስምለው ነው። እዚያ ስንደርስ እኔ አሳልፈዋለሁ፣ አንቺ በአፍሽ ሙዪው።»

«በምን ልሙላው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«የእህቴ ልጅ ከመጣች ነው የማስተረጉመው» አልኩ።

ግቢያችን ውስጥ ልጅ እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጠይቆ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

«ትምጣ» አለ። «ከፊት ነው የማስቀምጣት።»

እህቴ ከቢሮ ስትመጣ ነገርኳት። ጸሐፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲቆጣት ውላ ስለምትመጣ ማታ ማታ ማንንም አትቆጣም። ያን ዕለት ግን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ብትወድቅስ?»

«ትነሳለቻ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«ለእሷ አስበሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

«ለሁለታችንም» አልኳት። «መስከረም እየመጣ ነው። ትምህርት ቤት አስገቢያትና እኔም ልሂድ። ነው ወይስ እዚሁ ልሽበት?»

አፍሽ አይዘጋም አለችኝ፣ ይህን ዓመቱን ሙሉ ብላኛለች። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና የልጅቷን ፀጉር ፈትታ እንደገና መሥራት ጀመረች፤ ፀጉሩ ግን ጠዋት የተሠራ ነበር። ሁለተኛውን ሹሩባ ስትጨርስ ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች።

«ትሂድ። ካልወደቀች አስመዘግባታለሁ። ከወደቀች ግን ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ፤ አንቺም የትም አትሄጂም።»

ተስማማሁ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ልጅቷ ያን ሳምንት ደጋግማ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። «ሰው ያየኛል?»

«ያይሻል።»

«ብወድቅስ?»

«ትተኛለሽ፣ ከዚያ ትነሻለሽ።»

«እያዩኝ?»

«እያዩሽ።»

«ጠንቋይዋ እንደዚህ አትልም» አለችኝ፤ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄድን። ዝናቡ የእድር ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ተማሪው መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዶ፣ ግድግዳው ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ነጭ አንሶላ ወጥሯል። የለቅሶ ድስቶች ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ አግዳሚው ላይ ተጨናንቋል፤ የጴንጤውም የኦርቶዶክሱም። እማማ በሩ ሥር ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፣ ነውሩን ሊጠብቁ። እህቴ እቤት እቀራለሁ ብላ ቀረች። የእህቴን ልጅ ከፊት፣ እኔ ከምቆምበት አጠገብ አስቀመጥኳት፤ እጇ ቀሚሴን እንደያዘ ቀረ።

ማይክ ያዝኩ። መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። አሮጊቷ ጥላውን ስትጠቀልል እዚያ አዳራሽ ምን እንደሚሆን አልጠበቅኩም ነበር። እኛ ቤት እርግማን ፊልም ነው፤ እዚያ ግን እርግማን እርግማን ነው። ከኋላ አንዱ ልጅ ተነስቶ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ገሠጻት። ግማሾቹ ተከተሉት፤ ሌሎቹ አማተቡ። አሮጊቷ ግን መዝፈኗን ቀጠለች።

«አልሠራም» አለች አንዲት ልጅ አዝና።

«ፊልም ነው» አልኩ በማይኩ። «እርግማኑ አሁን ከተሰበረ ፊልሙ እዚህ ያልቃል፣ ወደ ቤት ትገባላችሁ። ልሰብረው?»

«ተዪው!» አሉ ሁሉም።

የመስኮቱ ዘፈን መጣ። ልዕልቲቱ እጇን ዘርግታ፣ ፀጉሯ እየተነሳ፣ ረጅም ዘፈን ዘፈነች። ሲያልቅ «መውጣት ትፈልጋለች» አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ዘፍና ይሄን ብቻ ነው ያለችው?» አለ አንዱ።

«ይሄን ብቻ ነው።»

«አንቺ ሰረቅሽን።»

የእህቴ ልጅ ቀሚሴን ለቀቀች። ወደ ኋላ ዞራ «እውነቷን ነው፣ ይሄን ብቻ ነው ያለችው» አለቻቸው። ከግቢ ውጭ ካለ ልጅ ጋር ስታወራ ሳያት ያን ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ኤሊዋ አሳቀቻቸው። ልዕልቲቱ ጥላዋን ፍለጋ ወጣች፣ ገበያ መሀል ደረሰች፣ ፀሐይ ወጣባት፣ ሰው ሁሉ እግሯ ሥር አየ፣ ጥላ የለም። ከእግሯ ጀምሮ ድንጋይ እየሆነች ሄደች። ልክ ፊቷ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ጩኸቱን መናገር አያስፈልግም። ተማሪው ትንሽ ጠበቀ፤ ሶዶ ላይ መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ማዳበሪያዎቹን ከመስኮቱ ማውረድ ጀመረ። «ጨርሺላቸው» አለኝ በጨለማው። «በአፍሽ።»

«ከዚያ ምን ሆነ? ከዚያ ምን ሆነ?» ይላሉ።

ልዑሉን ላመጣው አልኩ፤ ልዑሉን ካመጣሁ ደግሞ መሳሙን ማምጣት አለብኝ፣ እማማ በሩ ሥር ናቸው። ስለዚህ ልዑሉን ተውኩት። «ከዚያማ ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ተቀመጠ» አልኩ። «ማንም አልሸሸም፣ ማንም አልጮኸም። ድንጋይ ስለሆነች ሊያነሷት አይችሉም፣ ስለዚህ ጠበቋት። እስክትነቃ ዝም ብለው ጠበቋት። ስትነቃ አገሩ ሁሉ ዘፈነ።»

«አለቀ?»

«አለቀ።»

የመጨረሻው ማዳበሪያ ወረደ፣ ብርሃን ገባ። የእህቴ ልጅ ከወንበሩ ወድቃ ነበር።

መሬት ላይ ሆና እጇና እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው። ተንበረከክኩ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ሹራቤን አውልቄ ከጭንቅላቷ ሥር አደረግኩ። እጄ የሚያውቀውን ይሠራል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር። አለቀ፣ መስከረም የለም፣ የትም አልሄድም፣ ይችም ልጅ በር ቀዳዳ ላይ ታድጋለች።

እማማ ደረሱ። ክብሪት ከየት እንዳመጡ እንጃ፣ እጃቸው ላይ ነው። «ዞር በዪ፣ ላሽታት።»

«አያስፈልግም እማማ። ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ስንት ሰው በዚህ ሲነሳ አይቻለሁ!»

«ያለሱም ይነሳሉ። እባክዎ፣ በዚህ በነጠላዎ ይሸፍኑልኝ።»

ወደ ታች አዩ። ልጅቷ ሽንቷ አምልጧት ነበር። እማማ ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከወገቧ በታች አለበሷት፣ እዚያው እግሯ ሥር ቁጭ አሉ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ያኔ ነው የልጆቹን ዝምታ የሰማሁት። ቀና አልኩ። ማንም አልወጣም። ከአግዳሚው ወርደው ዙሪያችንን መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸውን አጣጥፈው። አንዱ ሊናገር ሲል ከጎኑ ያለችው በክርኗ ወጋችው።

«ዝም በል። ይጠበቃል።»

መንቀጥቀጡ ቆመ። መተንፈሷ ረዘመ። ዝናቡም ቀለል ብሎ ነበር። በጣም ቆየን መሰለኝ፤ ሐኪሙ ሰዓት ተመልከቱ ብሎናል፣ እኔ ግን ረሳሁት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ነቃ!» አለ አማርኛው ገና ያልጠራ አንድ ትንሽ ልጅ። «ልዕልቱ ነቃ! ዘፈን!»

ችግሩ የትኛው ዘፈን የሚለው ነበር። የጴንጤዎቹ ልጆች አንድ መዝሙር ጀመሩ፣ የኦርቶዶክሶቹ አያውቁትም፤ እነሱም የራሳቸውን ጀመሩ፤ ሁለቱም ቆሙ። አብረው የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪው ቱቶሪያል ላይ ያስተማራቸው። እሱን ለቀቁት፣ እያጨበጨቡ፣ በሙሉ ጉሮሯቸው፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።

የካቲት ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። እህቴ ናት። ከላይ እስከ ታች በስብሳለች። እቤት አልቀረችም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአዳራሹ ግድግዳ ሥር ቆማ ነበር። ልጇን አየች፣ መሬት ላይ የተቀመጡትን ልጆች አየች፣ የምትሄድበት ጠፍቷት እዚያው ቆመች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሏት እማማ። «ደህና ናት። ይጨርሱ፣ ነሐሴ አልደረሱም።»

ጳጉሜን እልል ተባለላት።

ልጅቷን አዝዬ ወጣን፤ የእማማ ነጠላ እንደተጠቀለለባት። ከወደቀች በኋላ እንቅልፍ ይጫጫናታል፤ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ነው። እህቴ ከጎናችን ትሄዳለች፣ ምንም አትልም። እኔም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም አላልኩም። ስምምነቱን ሁለታችንም እናስታውሰዋለን። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ አንዲት ልጅ በጭቃው እየተንሸራተተች ከኋላ መጣች።

«እሷ ሰኞ ቱቶሪያል ይመጣል?»

እህቴ ቆመች። ወደ ጠያቂዋ ዞረች።

«ትመጣለች» አለች።

ቤት ስንገባ የእህቴ ልጅ አልጋው ላይ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ለምንድን ነው ወር የዘፈኑልኝ?» አለች። እህቴ መሳቅ ጀመረች። «ዝም ሲሉ ሞተች ብዬ ነበር እኮ» ትላለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋን በእርጥቡ እጅጌዋ ትጠርጋለች። «ግድግዳው ሥር ቆሜ፣ ዝም ሲሉ። ከዚያ መስከረም ጥቅምት! እኔ ልቤ ወጥቶ እነሱ ኅዳር ይላሉ!» በማግስቱ ቁርስ ላይ ሦስት ሰው የሚበላውን ብቻዬን በላሁ። ሌላ ጊዜ ምግብ አልወድም።

ሁሉም ነገር አማረ አልልም። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከቱቶሪያሉ አስቀሩ፤ አንዷ በኋላ ልጇን መለሰች፣ አንዷ አልመለሰችም። ልጆቹ ደግሞ አዲስ ጨዋታ አወጡ። መንገድ ላይ ተራ በተራ ይወድቃሉ፣ ሌሎቹ ከበው ይጠብቃሉ፣ ሲነሱ ይዘፈንላቸዋል። እህቴ ከቢሮ ስትመለስ አይታ ፊቷ ተለወጠ፤ ልትቆጣቸው ስትሄድ የራሷን ልጅ መሀል ቆማ ዳኛ ሆና አገኘቻት። «እንደዚህ አይወደቅም» ትለው ነበር አንዱን ልጅ። «አንተ እያየህ ነው የምትወድቀው። ድገም።»

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደቀች፣ ቱቶሪያል ላይ። ሮጬ ስደርስ በጎኗ አስተኝተዋታል፣ የአንዱ ልጅ ሹራብ ከጭንቅላቷ ሥር ነው፣ ነቅታለች። እነሱ ግንቦት ላይ ናቸው።

ምዝገባው ዕለት አብሬ ሄድኩ። ወላጆች ተሰልፈዋል። እህቴ ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢው መምህር ፊት ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፣ እኔ ልናገርላት። አላስፈለገም። «ልጄ ትወድቃለች» አለች፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። «መድኃኒት ላይ ናት። ስትወድቅ በጎኗ አስተኝታችሁ ጠብቋት። ትነሳለች።» መምህሩ እሺ አለ። ከኋላችን አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ እህቴ ዞር ብላ አየቻት፣ ሴትየዋ ወደ ጫማዋ አየች።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ ያለኝ ለራሴ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለልጅቷ። በሦስተኛ ደረጃ ለእህቴ፤ እሷም ይህን ነግሬያት «አውቃለሁ፣ ምን አዲስ ነገር አለው» ብላኛለች። በዴሳ በምትባለው ከተማ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒና ስልክ ጥገና ቤት ከፍታለች፤ ነይ ካለችኝ ቆይታለች። ያን ዕለት ደወልኩላትና «መጣሁ» አልኳት።

ትምህርት የተከፈተ ሰኞ ቦርሳዬ በር ላይ ነበር። ልጅቷ አዲስ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቀሚሱ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት፣ ፊቴ ቆመች።

«አሁን ጠንቋይዋ አይደለሽም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«ኤሊዋ።»

«ኤሊ የለንም ብለሽኝ አልነበር?»

«አሁን አለን።»

«ኤሊዋ መጨረሻ ላይ ምን ትሆናለች? ረሳሁት።»

«ሌሎቹ ሲዘፍኑ ትሄዳለች። ቀስ ብላ።»

«እኔ ቀስ ማለት አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። ሳመችኝና የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች። እስከ መታጠፊያው አየኋቸው፤ ወደ ኋላ አልዞረችም፣ አንድ ልጅ ስሟን እየጠራ ነበር።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። እማማ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው «ምላሰኛዋ፣ ሄድሽ?» አሉኝ። «ሄድኩ እማማ» አልኳቸው። አንድ ጥቅልል ጥቁር ክር ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «በዴሳ፣ በዴሳ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ ገባሁ፤ በሩን ሳበው፤ ሄድን።